ኩላሊት ውስጥ መገኘትና ኩላሊትን መጉዳት፦ ከባድ ብረቶችና ናይትሬት በእንስሳት ላይ

ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ባዜቃና ናይትሬት በውሃ ብክለት ዘገባዎች ውስጥ በአንድ ሰንጠረዥ ተደርድረው ይቀርባሉ። ከጎናቸውም ብዙ ጊዜ «ለኩላሊት ጎጂ» የሚል አንድ የጋራ ማስጠንቀቂያ ይሰፍራል። በእንስሳት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ማስረጃ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ለመክተት አይመችም። ከባድ ብረቶች ኩላሊት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹም ለዓመታት። ናይትሬት ግን በኩላሊት አልፎ የሚሄድ ነገር ነው፤ ከብት ሲገድልም በደም በኩል ነው። ከብረቶቹም ቢሆን ኩላሊት ውስጥ የተገኘው ሁሉ ኩላሊትን ጎድቷል ማለት አይቻልም። የዘርፉ ክርክር በአብዛኛው የሚነሳው እነዚህ ሁለት ልዩነቶች ሲዘነጉ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተለያዩ አጀማመሮች

ናይትሬት ከብት እንደሚገድል ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ የካንሳስ ግብርና ምርምር ጣቢያ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ኔልሰን ሜዮ ነው። በ1895 ባወጣው ጽሑፍ የበቆሎ አገዳ በልተው የሞቱ ከብቶችን ጉዳይ መርምሮ ጥፋቱን በአገዳው ውስጥ በተጠራቀመው ፖታሲየም ናይትሬት ላይ አሳረፈ። መንገዱ በቅጡ የታወቀው ከአራት አስርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በዋዮሚንግ የአጃ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ሲያልቁ የተደረገው ምርመራ ናይትሬቱ በከብቱ ሆድ ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደሙን ኦክሲጅን እንዳይሸከም እንደሚያደርገው አሳየ። በ1945 ደግሞ አንድ የአዮዋ ሐኪም፣ ሃንተር ኮምሊ፣ የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ጨቅላ ሕፃናት በተመሳሳይ መንገድ እንደሚታመሙ ዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት የሚለው ገደብ በዋናነት የተመሠረተው በዚህ በሕፃናት ሕመም ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ኩላሊት ቦታ የለውም።

የብረቶቹ ታሪክ ግን ገና ከመነሻው የኩላሊት ታሪክ ነው። በ1940ዎቹ፣ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ሲጧጧፍ፣ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ዩራኒየምን በአይጦች፣ በጥንቸሎች፣ በውሾችና በሌሎችም እንስሳት ላይ ሞከሩ። የተፈጥሮ ዩራኒየም መጀመሪያ የሚጎዳው በጨረሩ ሳይሆን በኬሚካዊ ባሕርዩ፣ የሚጎዳውም ኩላሊትን እንደሆነ ተረጋገጠ። ጥንቸል ከአይጥ ይልቅ እጅግ ተጋላጭ ሆና መገኘቷም ዘርፉን እስከ ዛሬ የሚያስቸግር ጥያቄ አስነሳ፤ በአንዱ እንስሳ ላይ የታየው ለሌላው ምን ያህል ያገለግላል?

በ1950 ስዊድናዊው ላርስ ፍሪበርግ የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ሽንት ውስጥ ያልተለመደ ፕሮቲን አግኝቶ ከካድሚየም ጋር አያያዘው፤ ጥንቸሎችንም በካድሚየም መረመረ። በ1957 ማርጎሽስና ቫሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ካድሚየም የተሸከመ አንድ ትንሽ ፕሮቲን ከፈረስ ኩላሊት አወጡ፤ በኋላ ሜታሎታዮኒን ተባለ። በ1968 ደግሞ የጃፓን መንግሥት በቶያማ ግዛት በጂንዙ ወንዝ ዳር የኖሩ ሴቶችን አጥንት ያደቀቀው ሕመም ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም ያመጣው መሆኑን በይፋ ተቀበለ።

ብረት ኩላሊትን የሚመርጥበት ምክንያት

ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንድ እጁ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ደሙ ግሎሜሩለስ በሚባለው የማጣሪያ ጉንጉን ውስጥ ይጣራል። ከተጣራው ፈሳሽ ውስጥ ሰውነት የሚፈልገውን ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ፎስፌትና ትናንሽ ፕሮቲኖች መልሶ የሚሰበስበው ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለው የቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ብረቱ ከትንሽ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሲመጣ የቱቦው ሕዋስ ፕሮቲኑን መልሶ ሲሰበስብ ብረቱንም አብሮ ያስገባል።

ሕዋሱ ሲታመም መልሶ መሰብሰብ ያቅተዋል። ስኳር፣ ፎስፌትና ፕሮቲን በሽንት ይወጣሉ። የፎስፌት መፍሰስና የቫይታሚን ዲ ሥራ መስተጓጎል አጥንትን ያላላል፤ የጂንዙ ሴቶች አጥንት የደቀቀውም በአብዛኛው በኩላሊታቸው በኩል ነው። ስለዚህ ብረት በመጀመሪያ የሚያጠቃው ማጣሪያውን ሳይሆን ቱቦውን ነው። ይህ ልዩነት ወደ መለኪያዎቹ ስንመጣ ዋጋ ይኖረዋል።

ካድሚየም፦ ጠባቂ ፕሮቲን ወይስ መርዝ አድራሽ?

ሜታሎታዮኒን ከተገኘ በኋላ የመጣው ቀላል ትርጓሜ ፕሮቲኑ ካድሚየምን ይዞ ሕዋሱን ይጠብቃል የሚል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አወሳሰቡት። ካድሚየሙ ብቻውን በደም ሥር ሲሰጥ ይበልጥ የሚጎዳው ጉበትን ነው፤ ከሜታሎታዮኒን ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ግን በትንሽ መጠንም የአይጥ ኩላሊትን በፍጥነት ያቆስላል። ከዚህ የተነሳ ለሁለት አስርት ዓመታት የበላይነት የያዘ አስተሳሰብ ተፈጠረ፦ ካድሚየም በጉበት ይጠራቀማል፤ እዚያ ከፕሮቲኑ ጋር ይጣመራል፤ ጥምረቱ ቀስ እያለ ወደ ደም ይወጣል፤ ኩላሊት አጣርቶ ይውጠዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ፕሮቲኑ ሲፈጭ ካድሚየሙ ነፃ ወጥቶ ይጎዳል። ጠባቂ የተባለው ፕሮቲን በዚህ አካሄድ መርዙን አድራሽ ሆነ።

በ1998 ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የወጣ ሥራ ይህን ፈተነ። ሜታሎታዮኒን እንዳይሠሩ ዘረ መላቸው የተቀየረ አይጦች ለረጅም ጊዜ ካድሚየም ተሰጣቸው። አድራሹ ፕሮቲኑ ከሆነ እነዚህ አይጦች ኩላሊታቸው መዳን ነበረበት። አልዳነም፤ እንዲያውም ከመደበኛዎቹ አይጦች ይበልጥ በትንሽ ካድሚየም ተጎዳ። በእኔ ንባብ ይህ ሙከራ የቀድሞውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አላፈረሰውም። ጥምረቱ በመርፌ ሲሰጥ እንደሚጎዳ አሁንም እውነት ነው። የተሰበረው «ጉዳት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ብቻ ነው» የሚለው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ መጠን ነው። በ1970ዎቹ በኩላሊት ቅርፊት ውስጥ በ1 ግራም 200 ማይክሮ ግራም ካድሚየም የጉዳት መነሻ ተደርጎ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከዚያ እጅግ ባነሰ ክምችትም በሽንት ውስጥ ፕሮቲን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ተቃዋሚዎቹ ግን ነገሩ ሊገለበጥ እንደሚችል ያነሳሉ። ካድሚየምና ትናንሽ ፕሮቲኖች በአንድ መንገድ ስለሚሰበሰቡ፣ በጤናማ ሰው ውስጥም የመሰብሰቡ አቅም ትንሽ ሲቀንስ ሁለቱ አብረው ወደ ሽንት ይወጣሉ፤ ያኔ ዝምድናው ስለ መርዝ ምንም አይናገርም። ይህን ለመለየት ከሰው ጥናት ይልቅ መጠኑ የታወቀ የእንስሳት ሙከራ ይሻላል። ግን አይጥ የሚኖረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆን ካድሚየም በሰው ኩላሊት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ይወስዳል። የአይጥ ዕድሜ ለጥያቄው አይበቃም።

እርሳስና ባዜቃ

እርሳስ የቱቦውን ሕዋሳት ኒውክሊየስ በልዩ ምልክት ያትማል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ኒውክሊየሱ ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ እብጠት መሰል አካል ይገኛል፤ በእርሳስ በተመረዙ ከብቶች፣ በአይጦች፣ የእርሳስ ጥይት በዋጡ ዳክዬዎችም ታይቷል። ሮበርት ጎየርና ባልደረቦቹ ይህ አካል ኩላሊት ውስጥ ካለው እርሳስ አብዛኛውን እንደሚይዝ አሳይተዋል። የበሽታ ምልክት የመሰለው ነገር እርሳሱን አስሮ የሚያስቀምጥ መከላከያም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በ2002 ሜታሎታዮኒን የሌላቸው አይጦች ይህን አካል መሥራት እንዳልቻሉና በእርሳስም ይበልጥ እንደተጎዱ መዘገቡ ሐሳቡን አጠንክሮታል።

በእርሻ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። አሮጌ የመኪና ባትሪ የላሰ ጥጃ የሚሞተው በኩላሊት ድካም አይደለም። ዓይኑ ይታወራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያልቀው በአንጎሉ ነው። ኩላሊቱ የሚያገለግለው ለምርመራ ነው፤ ብዙ የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪዎች በእርጥብ ኩላሊት ውስጥ በኪሎ ግራም 10 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ሲያገኙ መመረዝ ነው ይላሉ። ይህ ቁጥር ስለ እንስሳው መመረዝ ይመሰክራል፤ ስለ ኩላሊቱ ሥራ ግን ምንም አይልም።

ባዜቃ ሌላ ነገር ያስተምራል። በጃፓን ሚናማታ ከተማ ድመቶችን ያሳበደው ሜቲል ባዜቃ አንጎልን ሲመርጥ፣ ባዜቃ ክሎራይድ ደግሞ የቱቦውን የመጨረሻ ቀጥተኛ ክፍል በቀናት ውስጥ ይገድላል። እዚህ ላይ «ባዜቃ ተገኘ» ብሎ ዓይነቱን ሳይለዩ መዝገብ ብዙ አያራምድም። በ1970ዎቹ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ደግሞ ብራውን ኖርዌይ የሚባለው የአይጥ ዝርያ በትንሽ ባዜቃ የራሱን ማጣሪያ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል እንደሚሠራ አገኙ። ሉዊስ የሚባለው ዝርያ በተመሳሳይ መጠን ይህ አይደርስበትም። በአንድ የእንስሳ ዓይነት ውስጥ እንኳ የዘር ልዩነት መርዙ ቱቦውን ወይስ ማጣሪያውን እንደሚነካ ሊወስን ይችላል።

ከዱር የመጣ ምስክር

በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በኮሎራዶ ተራሮች፣ ማዕድን በሚገኝበት ቀበቶ ስለሚኖሩ ነጭ ጅራት ታርሚጋን የሚባሉ ቆቅ መሰል ወፎች ነበር። ወፎቹ በክረምት የሚመገቡት የአኻያ ዛፍ እምቡጥ ካድሚየምን ከአፈር ይሰበስባል። የአዋቂ ወፎች ኩላሊት ቱቦ ተጎድቶ፣ የሴቶቹም አጥንት ሳስቶ ተገኘ፤ የጂንዙ ታሪክ በላባ የመጣ ይመስላል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ያወጡት የግሪንላንድ ጥናት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ቀለበታማ የባሕር ውሾች ኩላሊት ውስጥ ለሌላ እንስሳ አደገኛ በተባለ መጠን ካድሚየም ተገኘ፤ ግልጽ የኩላሊት ቁስል ግን አልታየባቸውም። የባሕር እንስሳት ለሺህ ትውልዶች ካድሚየም ያለበት ምግብ ሲበሉ ስለኖሩ ተላምደዋል የሚለው ማብራሪያ ማራኪ ነው። ግን በ1983 የተደረገ ሌላ ጥናት ከማዕድን ማውጫ ርቀው በሚኖሩ የባሕር ወፎች ላይ በላቦራቶሪ ከተመረዙ አይጦች ጋር የሚመሳሰል የኩላሊት ቁስል አግኝቷል። ስለዚህ «መላመድ» ለሁሉም የባሕር እንስሳ የሚሠራ መልስ አይደለም።

ናይትሬት፦ የኩላሊት መርዝ ነው?

በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ አሞኒያ ይለውጣሉ። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው ሲዘገይ ናይትራይቱ ወደ ደም ይገባና ሄሞግሎቢንን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይለውጠዋል። ደሙ ቸኮሌት ይመስላል፤ እንስሳው በሰዓታት ውስጥ ይታፈናል። ድርቅ የመታው ማሽላና በቆሎ፣ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ አንድ በላይ ናይትሬት ሲይዝ፣ ለዚህ የተጋለጠ መኖ ነው። አሳማ ይህ የጨጓራ ባክቴሪያ ስለሌለው ናይትሬቱን ከከብት ይበልጥ ይቋቋማል፤ ናይትራይት በቀጥታ ከገባበት ግን በቀላሉ ይሞታል።

በዚህ ሞት ሬሳው ሲከፈት የተለየ የኩላሊት ቁስል አይጠበቅም። ናይትሬት በማጣሪያው በነፃነት ያልፋል፤ ከፊሉ መልሶ ይሰበሰባል፤ የቀረው ይሸናል። ታዲያ «ለኩላሊት ጎጂ» የሚለው ከየት መጣ?

አንዱ ምንጭ ከፍተኛ መጠን ሶዲየም ናይትሬት በውሃ የተሰጣቸው አይጦች ላይ የደም ዩሪያና ክሬቲኒን መጨመሩን የሚዘግቡ ሙከራዎች ናቸው። እነዚህን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ጨዉ ሶዲየምም ይጭናል፤ መጥፎ ጣዕም ያለው ውሃ የሚሰጠው አይጥ ትንሽ ይጠጣል፤ የውሃ ጥማት ብቻውን ዩሪያን ያንራል። ሁለተኛው ምንጭ እጅግ የሚያስገርም ነው። በ1966 የአሜሪካ ሐኪሞች ከአሉማ ወገን የሆነውን ቀይ ሥር አረም የበሉ አሳማዎች ኩላሊታቸው በውሃ እብጠት ተከቦ መሞታቸውን ዘገቡ፤ ከብቶችም ላይ ታይቷል። ይህ አረም ናይትሬት በብዛት ያጠራቅማል፤ ኦክሳሌትም አለበት። ግን ቁስሉ የናይትሬት መመረዝ ቁስል አይደለም፤ የኦክሳሌትም ክሪስታል ነገሩን አያብራራውም። ትክክለኛው መርዝ እስከ ዛሬ አልተለየም። ናይትሬትና የታመመ ኩላሊት በአንድ እንስሳ ውስጥ ቢገናኙም አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ለማለት አያስችልም።

ከሌላኛው ወገን ደግሞ ናይትሬት ኩላሊትን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። በ1994 ሁለት ቡድኖች ናይትራይት በሆድ አሲድ ውስጥ የደም ሥርን የሚያሰፋ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚፈጥር ካሳዩ በኋላ አዲስ የምርምር መስመር ተከፈተ። በ2007 ናይትራይት የተሰጣቸው አይጦች ኩላሊታቸው ደም ተቋርጦበት ሲመለስ ከሚደርስ ጉዳት በከፊል ተጠበቀ። በ2011 የስዊድን ተመራማሪዎች ጨው የበዛበት መኖ የሚበሉ አይጦች ላይ ናይትሬት የደም ግፊትንና የኩላሊት ጉዳትን እንደሚያቀል ዘገቡ። የመጠን ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ጥቅሙ የታየባቸው አይጦች ቀድሞ የታመሙ ናቸው፣ ጉዳቱ የተዘገበባቸው ጤነኞች። ሁለቱ ወገኖች አንድን ጥያቄ እየመለሱ አይደለም።

በደም በኩል የሚመጣ የተዘዋዋሪ የኩላሊት ጉዳት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ መዳብ የበዛበት በግ ይመልከት። መዳብ ለወራት በጉበት ይጠራቀማል፤ አንድ ቀን ሲለቀቅ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ የፈሰሰው ሄሞግሎቢን ኩላሊትን ያጠቁራል፣ ይዘጋዋልም። ናይትራይት ሄሞግሎቢንን ሕዋሱ ውስጥ እያለ ይለውጠዋል እንጂ በተለምዶ አያፈሰውም። ለዚህ ነው ከሞት የተረፈ ከብት ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ጤናው የሚመለሰው።

ሁለቱ ሲገናኙ

ከባድ ብረትንና ናይትሬትን አብረው የሚሰጡ ሙከራዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ የሚመስሉት ጨዎቹ ስለሚያሳስቱ ነው። ዩራኒል ናይትሬት፣ ሊድ ናይትሬትና ካድሚየም ናይትሬት በቤተ ሙከራ የሚመረጡት በውሃ ስለሚሟሙ ነው። በ100 ሚሊ ግራም ሊድ ናይትሬት ውስጥ 63 ያህሉ እርሳስ፣ 37 ያህሉ ናይትሬት ነው። ያንን ያህል ናይትሬት በሶዲየም ናይትሬት መልክ የሚወስድ የማነጻጸሪያ ቡድን ከሌለ ውጤቱን ለማንኛቸውም መስጠት አይቻልም።

የብረት ከብረት ድብልቅ የተሻለ ተጠንቷል። በ1967 ፓርዚዜክና ባልደረባው ትንሽ ሴሊኒየም አይጦችን ከባዜቃ የኩላሊት ጉዳት እንደሚጠብቅ አሳይተዋል። በ2017 ደግሞ ምክንያቱ ያልታወቀ የገበሬዎች የኩላሊት ሕመም ካስጨነቃት ስሪላንካ ጋር በተያያዘ የወጣ የአይጥ ጥናት ፍሎራይድ፣ ካድሚየምና ጠጣር ውሃ ሲጣመሩ፣ እያንዳንዱ በተፈቀደው ገደብ አካባቢ ሆኖም፣ የኩላሊት ቁስል ሊመጣ እንደሚችል አመለከተ። ገደቦች የሚወጡት ግን ለየብቻ ነው።

ናይትሬትና ብረት በእርግጥ የሚገናኙበት ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከኩላሊት ሳይሆን ከከርሰ ምድር ነው። በ2015 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሃይ ፕሌንስና በካሊፎርኒያ ሴንትራል ቫሊ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ናይትሬት በበዛበት ዩራኒየምም እንደሚበዛ አሳዩ። ናይትሬቱ በዓለት ውስጥ የማይሟማውን ዩራኒየም ኦክሲዳይዝ አድርጎ ያሟሟዋል። በዚህ መንገድ ማዳበሪያና እበት ያመጡት ናይትሬት የኩላሊት መርዝ የሆነውን ብረት ወደ ጉድጓዱ ያስገባል። «ናይትሬት ኩላሊትን ይጎዳል» የሚለው ሐሳብ በጣም የሚያሳምነው በዚህ ተዘዋዋሪ መልክ ነው ባይ ነኝ።

መለኪያው የሚደብቀው

የደም ዩሪያና ክሬቲኒን የሚናሩት ከኔፍሮኖቹ፣ ማለትም ማጣሪያና ቱቦ ከያዙት የኩላሊት አሃዶች፣ ሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ከጠፉ በኋላ ነው፤ የሚለኩትም የማጣሪያውን ሥራ ነው። ብረት ቱቦውን ቀድሞ የሚነካ ከሆነ እነዚህን ብቻ ለክቶ «ጉዳት የለም» ማለት ባዶ ነው። በከብት ላይ ዩሪያ ይበልጥ አታላይ ነው፤ ትልቁ ጨጓራ ዩሪያን ከደም መልሶ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ ስለሚጠቀምበት፣ የመኖው ፕሮቲን ሲቀየርም ስለሚለዋወጥ። በ2008 የአሜሪካና የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የአይጥ ኩላሊት ጉዳትን ቀድመው የሚያሳዩ ሰባት የሽንት መለኪያዎችን ተቀበሉ፤ ኪም-1 ከነሱ አንዱ ነው። ተቀባይነቱ ግን ለአይጥ የመድኃኒት ሙከራ ነው፤ ከበረት ድረስ አልወረደም።

የአሃድ ስህተትም አለ። አንዳንዱ ገደብ የሚጻፈው በናይትሬት፣ አንዳንዱ በናይትሬት ውስጥ ባለው ናይትሮጂን ነው፤ ልዩነቱ 4.4 እጥፍ ነው። የካናዳ የከብት ውሃ ገደብ በናይትሮጂን በሊትር 100 ሚሊ ግራም ሲሆን የአሜሪካ የሰው መጠጥ ውሃ ገደብ 10 ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ ያነጻጸረ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

ከአቃቂ እስከ ካብዌ

የአዲስ አበባ ጉድጓዶችና ምንጮች፣ የድሬዳዋም የከርሰ ምድር ውሃ፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ ምክንያት ናይትሬት እንደበዛባቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በአቃቂ ወንዞች ዳር ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል፤ ጥናቶቹም በብዛት የሚለኩት ውሃውን፣ አፈሩንና ቅጠሉን ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን በተመለከተ የሚዘገበው አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላ ክሮሚየም ነው፤ የቱቦ መርዝ መሆኑ በሙከራ የታወቀው ግን ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ሲሆን ፋብሪካዎቹ በዋናነት የሚጠቀሙት ሦስት ቫለንሲ ያለውን ነው።

በዛምቢያ ካብዌ፣ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫው በ1994 ከተዘጋ በኋላም፣ በአካባቢው የሚግጡ ከብቶች፣ ዶሮዎችና የዱር አይጦች ጉበትና ኩላሊት ውስጥ ከፍተኛ እርሳስና ካድሚየም ተገኝቷል። ኒውዚላንድ የፎስፌት ማዳበሪያ ያመጣውን ካድሚየም በመፍራት ከ30 ወር በላይ የሆናቸው ከብቶችና በጎች ኩላሊት ለሰው ምግብ እንዳይቀርብ ትከለክላለች። ይህ ደንብ የሚጠብቀው ኩላሊቱን የሚበላውን ሰው ነው፤ የበጉ ኩላሊት ይሠራ አይሠራ አይጠይቅም።

የዕድሜው ነገር ለእኛ አገር ይበልጥ ይከብዳል። ለሥጋ የሚደልብ ወይፈን ካድሚየም ለማጠራቀም ጊዜ አያገኝም፤ እርሻ የሚያርስ በሬ ግን ለዓመታት ያንኑ ውሃ ጠጥቶ፣ ያንኑ ማሳ ገለባ በልቶ ነው ወደ ቄራ የሚመጣው። በጥርሱ ዕድሜው ይገመታል፤ ከአንዱ ኩላሊት ቅርፊት ብረቱ ይለካል፤ ከሌላው ለአጉሊ መነጽር ቁራጭ ይወሰዳል፤ ከፊኛው ሽንት ይቀዳል። አራቱ ለአንድ በሬ ተገኝተው ከሚጠጣው ውሃ ናሙና ጋር ከተነጻጸሩ፣ መገኘትና መጉዳት የተለያዩ መሆናቸው በአይጥ ሳይሆን በራሱ በከብቱ ሊፈተን ይችላል። የሽንት መለኪያው ለከብት መጀመሪያ መሞከር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ከሚጠጡ በሬዎች የተወሰደ መነሻ ቁጥር ያስፈልጋል።